«አላረፉም!»

ጋሽ ተሰማ ያረፉ ዕለት ጡሩምባውን የነፋው አቶ ሽፈራው ነበር። ሁለት ቦታ ላይ ድምፁ ተቆረጠበት፤ ሦስተኛው ላይ እንደ ጉንፋናም በሬ አጉረመረመ። ጋሽ ተሰማ ቢሰሙት ኖሮ «ይኼ ሞት አይደለም፤ የሆድ ቁርጠት ነው» ይሉ ነበር። ከዚያም ጡሩምባውን ቀምተው፣ አፉን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው፣ የራሳቸውን ሞት ራሳቸው በወጉ ይነግሩን ነበር። ይህን የምለው ለጨዋታ አይደለም። ሌላ ሰው የሠራው ሥራ አንድም ቀን አጥግቧቸው አያውቅም።

አቃቂ በሰቃ፣ ከድሮው ባቡር ሐዲድ ወዲህ ባለው ሰፈራችን፣ ጋሽ ተሰማ አሥራ አንድ ዓመት የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ይወጡና በየመንገዱ መታጠፊያ ቆመው ይነፋሉ። ቀጥለው የሟቹን ስም፣ ማረፉን፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተክርስቲያኑን ይናገራሉ። ቀጭን ሎጋ ሰው ነበሩ፤ ድምፃቸው ግን ከዚያ ደረት ይወጣል ተብሎ አይታመንም። ስማቸውም ለሥራው የወጣላቸው ይመስል ነበር። «ተሰማ ካልነፋው ሞት አይሰማም» ይል ነበር የሰፈሩ ሰው።

ንቀትን እንደሳቸው አድርጎ የያዘ ሰው አላየሁም። አይሳደቡም፣ አይጮኹም። የማይረባ ነገር የሚያወራ ሰው ሲገጥማቸው አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ከእግር እስከ ራሱ ያዩትና «ቀጥል፣ ቀጥል፤ ስትጨርስ ትቀሰቅሰኛለህ» ይላሉ። ይህንን ለሐኪም ብለውታል፤ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ለሚጠራው ካድሬ ብለውታል፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለሚኖረው ለልጃቸው ባል ብለውታል። እኔንማ ስንት ጊዜ! የማይንቁት የሞተ ሰው ብቻ ነበር። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «የሞተ ሰው ስብሰባ አይጠራም» አሉኝ።

እኔ የዚያው እድር ጸሐፊ ነኝ። ስለኔ ማወቅ የሚያስፈልገው የእድሩ መዝገብና ማኅተም፣ የድንኳኑ ዕቃ ቤት ቁልፍም ጭምር፣ እኔ ቤት መቀመጡን ብቻ ነው።

ሁለታችንም ጡረታ የወጣነው ከአንድ የክር ፋብሪካ ነው። እኔ ቢሮ ውስጥ የሠራተኛ ሰዓት መዝጋቢ ነበርኩ፤ እሳቸው ጥጡ በሚበጠርበት ክፍል ሃያ ስምንት ዓመት ቆሙ። እዚያ ክፍል ብናኙ እንደ ጉም ነው። ጧት በጥቁር ፀጉር የገባ ሰው ማታ ሽበታም ሆኖ ይወጣል። አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ ይባል ነበር፤ «ጨርቁስ ከምን የተሠራ መሰላችሁ?» ይሉ ነበር ጋሽ ተሰማ። ሲያስላቸው የፋብሪካው ክሊኒክ ድሬሰር አንድ ጠርሙስ ሽሮፕ ይሰጣቸዋል፤ ይጠጡና ይመለሳሉ።

በኋላ ፋብሪካው ወደ ግል ዞረ፣ እሳቸውም ጡረታ ወጡ። በሁለተኛው ወር ሳላቸው ሲጠና የለመዱት ክሊኒክ ሄዱ። በር ላይ የነበረው ዘበኛ ይኸው አቶ ሽፈራው ነው።

«ባጅ?» አላቸው።

«ባጄን መልሼ ነው የወጣሁት። የተቀበልከኝ አንተው ነህ።»

«እንግዲያው ጡረተኛ አይገባም ጋሼ። አዲሱ ትእዛዝ ነው።»

«ሳንባዬን እዚያ ውስጥ ረስቼ ወጥቻለሁ። ይዤው ልመለስ።»

«የንብረት መውጫ ወረቀት አለዎት?» አለ ሽፈራው፤ የምሩን።

ይህችን ነገር ጋሽ ተሰማ እስኪሞቱ ድረስ ነግረው አይጠግቧትም ነበር። ሽፈራውን አልተቀየሙትም። «ለመቀየምም እኮ ሰውየው መኖር አለበት» ይሉ ነበር።

ሳሪስ አንድ ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸውና በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ታዘዘላቸው። እሷን «ትንሿ ጡሩምባዬ» ብለው ሰየሟት። ችግሩ ትንሿ ጡሩምባ ወር አታደርስም፤ ጡረታቸው ደግሞ ከሷም ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ ቆጠቡ። በየቀኑ ሁለት ሁለት ጊዜ ሳቡ የተባሉትን ሰው ለሞተበት ቀን ያስቀምጡ ጀመር። ሰው ሲሞት ትንሿን ይስባሉ፣ ከዚያ ትልቁን ይነፋሉ። ለራሳቸው ትንፋሽ የታዘዘችውን መድኃኒት ለኛ ሬሳ ጨረሷት። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እንዲያውም «ምን የመሰለ ሰው ነው!» እያልን እናደንቅ ነበር። ማድነቅ አያስከፍልም።

ገዢው ግንባር ሊያበቃለት በተቃረበባቸው ዓመታት ደግሞ የጤና መድን መጣ ተባለ። በየአጥሩ ወረቀት ተለጠፈ፤ አንድ መኪና በድምፅ ማጉያ እየዞረ ተመዝገቡ አለ። ጋሽ ተሰማ ድምፅ ማጉያውን ሲሰሙ «ይኼም ነፊ ነኝ ይላል» ብለው ናቁት። ግን ማግስቱን በራቸው ላይ ሸሚዛቸውን ቆልፈው አገኘኋቸው። «ና፣ አዋጅ ማንበብ ትወድ የለ፤ አብረን እንሂድ» አሉኝ።

መዝጋቢዋ ትሑት ልጅ ነበረች። አጠፋች አልልም፤ የተሰጣትን ነው የምትናገረው።

«አባት፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ጡረተኛ ነኝ።»

«ውይ፣ ጡረተኛ እኮ እዚህ አይታቀፍም። ይኼ የማኅበረሰብ ነው፤ ደመወዝም ጡረታም ለሌለው። የእናንተ ሌላ ነው፤ ማኅበራዊ ይባላል።»

«ማኅበረሰብና ማኅበራዊ» አሉ ጋሽ ተሰማ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እጃቸው የሚመዝኑ ይመስል። «የኔው የት ነው የሚመዘገበው?»

«አዋጁ ወጥቷል። ግን ገና አልተጀመረም።»

«መቼ ይጀመራል?»

«አቅጣጫ ተቀምጧል።»

ጋሽ ተሰማ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «ልጄ፣ እሱ ባይጀመር እኔ ተጀምሬያለሁ። እንዲያውም ላልቅ ነው።»

ልጅቷ አዘነችና ወደ ሌላ መስኮት መራችን፤ ለድሃ የነፃ ሕክምና ወረቀት ወደሚሰጥበት። እዚያ የነበረው ሰውዬ ቀና ብሎም አላየን። «ቋሚ ገቢ አለዎት? ጡረታ? እንግዲያው ድሃ አይባሉም» አለ።

«በጽሑፍ ስጠኝ» አሉት ጋሽ ተሰማ።

«ምኑን?»

«ድሃ አለመሆኔን። ማኅተም አድርግበት። ለባለሱቁ ለሸምሱ አሳየዋለሁ፤ ዱቤውን ሲጠይቀኝ ነው የከረመው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መድን ያነሣባቸውን ሰው «ለመድኑ ሀብታም ነኝ፤ ለነፃውም ሀብታም ነኝ፤ ድሃ የምሆነው መድኃኒት ቤት ስደርስ ብቻ ነው» ይሉት ነበር።

ይኼ ነገር እሳቸው ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ንቀው ያልፉት እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ወይዘሮ አስካለ ላይ ሲደርስ ግን አላለፉትም። ወይዘሮ አስካለ እዚያው ፋብሪካ ክር ስታዳውር ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ባል የሞተባት፣ በሯ ላይ ጨውና በርበሬ የምትሸጥ ሴት ናት። ስኳር አለባት። የቀኝ እግሯ ጣት ቆስሎ ጠቆረ፤ ሐኪሞቹ ቶሎ ካልተቆረጠ ወደ ላይ ይሄዳል አሏት። እሷም በሁለቱም መስኮቶች ዞራ ሀብታም ተብላ ተመለሰች።

ጋሽ ተሰማ እሁድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሡ። ከዚያ በፊት በስብሰባ ላይ ሲናገሩ አልሰማኋቸውም፤ ጥግ ይዘው መተኛት ነበር ልማዳቸው።

«አስካለ እግሯ እየሞተ ነው። ስትሞት የምታወጡላትን አሁን አውጡላት» አሉ።

ሊቀመንበራችን አቶ ግርማ ይባላል፤ ብሎኬት አምራች ነው። ራሱም እንደ ብሎኬቱ ነው፤ ከውጭ አራት ማዕዘን፣ ውስጡ ባዶ። «ጸሐፊ፣ ደንቡ ይነበብ» አለኝ። ተነሥቼ አነበብኩ። «እድሩ ክፍያ የሚፈጽመው አባሉ ወይም የአባሉ ቤተሰብ በሞት ሲለይ ነው።»

«በሞት ሲለይ» አለ አቶ ግርማ፣ ጣቱን ወደ ላይ አንሥቶ።

«እንግዲያው እግሯ ሲሞት በቤተሰብ ይያዝላት?» አሉ ጋሽ ተሰማ።

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛ ሞኝም ነበርን፣ ወረቀትም ነበረን። ሳቁ ሲበርድ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ሄድንና መስኮት ያለው አዲስ ድንኳን እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ወሰንን። ጋሽ ተሰማ «መስኮቱ ሟቹ እንዲያይበት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባ ተነፋ። በወጉ፣ ረዘም ተደርጎ፣ በሳቸው ትንፋሽ። ከዚያ ድምፃቸው መጣ።

«የእድራችን አባል ወይዘሮ አስካለ ወንድሙ...»

እዚህ ላይ ሳል ያዛቸው። ረጅም ሳል ነበር። የኛ ቋንቋ እንደምታውቁት ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚናገረው፤ ሞተም አልሞተም ከግሱ በፊት አይታወቅም። ግን ጡሩምባ ተነፍቶ ስም ከተጠራ ግሱን ማን ይጠብቃል? ሰፈሩ በዋይታ ተሞላ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ ወጡ፤ ወንዶች ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ፤ እኔ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዤ ሮጥኩ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ሳላቸው አለቀላቸውና ዐረፍተ ነገሩን ጨረሱት።

«...አላረፉም!»

የሰማቸው የለም። እኛ እየሮጥን ነው። ድንኳኑ ከዕቃ ቤት ወጥቶ ሁለት ምሰሶ ከተተከለ በኋላ ወይዘሮ አስካለ ዱላዋን ተደግፋ በሯን ከፈተች።

«ምን ሆናችኋል? ማን ሞተ?» አለች።

ደረቷን ስትደቃ የነበረች አንዲት ጎረቤቷ «ኧረ አንቺ ነሽ አስካልዬ!» ብላ ያዘቻት።

ጋሽ ተሰማ ከኋላ ቀስ ብለው መጡ። ጡሩምባቸውን በብብታቸው ይዘዋል፤ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። «አላረፉም ነው ያልኩት። ግሱን አልጠበቃችሁም» አሉ። ሰው «ሟርተኛ!» ብሎ ጮኸባቸው፤ «በሰው ነፍስ ይቀለዳል ወይ?» አለ። እስኪበቃን ጮኽን። ከዚያ አሉን፦ «እንባችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ አያስፈልጋትም። ስትሞት ልታመጡላት የነበረውን አሁን አምጡት። መምጣቱንማ መጥታችኋል።»

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው የእድራችን አባል እንኳ ያልሆነው ሸምሱ ነው። ከሱቁ ባዶ ካርቶን አምጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠና ኪሱ ውስጥ ያለውን ጣለበት። ከዚያ ሌላው ተከተለ። አቶ ግርማም ሰጠ፤ ሰው እያየው ነበርና። በዚያው ጧት አስካለን ታክሲ አሳፍረን ሆስፒታል ወሰድናት። ሁለት ጣቷ ተቆረጠ፤ እግሯ ተረፈ። ዛሬም በርበሬ ትሸጣለች።

በኋላ ለብቻችን ስንሆን «እውነት ሳል ነው ወይስ ሆን ብለው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «ሳል ነው» አሉኝ። እስከ ዛሬ አላውቅም።

እድሩ ይህን እንዴት ያስተናገደው ይመስላችኋል? ደንቡን አሻሻለ? አመሰገናቸው? በሚቀጥለው እሁድ ከሥራቸው አነሣቸው። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «የእድሩን ጡሩምባ በሕይወት ላለ ሰው በመንፋትዎ» ይላል አንዱ መስመር፤ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ ማኅተም ያለበት። ቤታቸው ወስጄ ስሰጣቸው እስከ መጨረሻው አነበቡት። «አንድም ስሕተት የለውም። ቀጥል፤ ስትጨርስ ትቀሰቅሰኛለህ» አሉኝ። ጡሩምባውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው አስረከቡኝ። ወስጄ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ክረምት ሲገባ ወደቁ። የአቃቂ ብርድና ጭስ ለደህና ሰውም አይመች። ቁጭ ብለው ያድሩ ጀመር፤ ከተጋደሙ ትንፋሹ ይቆማል። ልጃቸው ከራሷ ልጆች የተረፋትን ይዛ ትመጣለች፤ የምታመጣው ለትንሿ ጡሩምባ እንጂ አሁን ለታዘዘላቸው ሕክምና አይደርስም። ሐኪም ተኝተው መታከም አለባቸው ብሎ ነበር፤ መያዣ ክፈሉ ተባለና ይዛቸው ተመለሰች። የጡረተኛው መድን አሁንም አልተጀመረም፤ አቅጣጫው እንደተቀመጠ ነው።

አንድ ማክሰኞ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ትራስ ተደግፈው፣ መስኮቱ ተከፍቶላቸው ተቀምጠዋል።

«ገንዘብ እናሰባስብልዎ?» አልኳቸው።

«ማን ይንፋልኝ?» አሉኝ። ትንፋሽ ወሰዱ። «ጡሩምባው ያለው አንተ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።»

ይህን ሲሉ አንድ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። በዚያ ሁሉ ዘመን በሁለት ዓይናቸው ያዩኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ምን እንደጠየቁኝ ገብቶኛል። ለራሳቸው ከሰው ምንም ጠይቀው የማያውቁ ሰው ጠየቁኝ።

«እሁድ ለስብሰባ አቀርበዋለሁ» አልኩ።

ያኔ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉት። «ቀጥል» አሉ። ሌላውን ለመጨረስ ትንፋሹ አልበቃቸውም።

በማግስቱ ወይዘሮ አስካለ ዱላዋን እየተከለች ቤቴ መጣች። እግሯ በፋሻ እንደተጠቀለለ ነበር።

«ጡሩምባውን ስጠኝ» አለችኝ።

«ምን ልታደርጊው?»

«እነፋዋለሁ። ተሰማ አላረፈም እላለሁ።»

«የእድሩ ንብረት ነው አስካለ። ያለ ስብሰባ ውሳኔ አላወጣም። እስከ እሁድ ታገሺ።»

አስካለ ትሳደባለች ብዬ ነበር። ፊቴን ትንሽ አየችኝና «አንተ እኮ ደህና ሰው ነህ፤ ጉድህ እሱ ነው» ብላ ሄደች። ሐሙስ አቶ ሽፈራው አዲሱ ነፊ ሆኖ ተሾመ፤ እሱም ጡረታ ወጥቶ ሥራ ፈትቶ ነበር። ሊቀመንበሩ በስልክ አዘዘኝና ጡሩምባውን አውጥቼ ሰጠሁት። በስልክ! እሁድን አልጠበቅንም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ጡሩምባው ሲነፋ ሰማሁ። ያን የሚቆራረጠውን፣ የሚያጉረመርመውን።

«የእድራችን አባል አቶ ተሰማ ገብሬ...» አለ ሽፈራው፤ ከዚያ ትንፋሽ አጠረው።

እኔ ግሱን ጠበቅኩ። ተነሥቼ አልሮጥኩም፤ አፌን በብርድ ልብሱ ይዤ ጠበቅኩ። አስካለ አሳምናው እንደሆነስ? ሽፈራው አንድ ቀን እንኳ ሰው ሆኖ እንደሆነስ? «አላ» ብሎ ቢጀምርልኝ ያለኝን ሁሉ ይዤ ለመውጣት፣ አቶ ግርማን ከነደንቡ ለመርገጥ ዝግጁ ነበርኩ። ንግግሩ እስኪያልቅ ድረስ እንደዚያ ጀግና ሆኜ ቆየሁ።

«...አርፈዋል!»

ወዲያው በሬ ተንኳኳ። የመጡት ለቁልፉ ነው። አልጋዬ ራስጌ ተሰቅሎ ስለነበር አልፈለግኩትም፤ እጄን ዘርግቼ አወረድኩና ሰጠኋቸው። ባለመስኮቱን አዲሱን ድንኳን ጋሽ ተሰማ ደጃፍ ላይ ተከልንላቸው። ለዚህ ስብሰባ አላስፈለገንም።